እንግዳው ሲሄድ ውሻው የማን ነው?

ቡታጅራ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ የኪራይ ግቢ፣ ቡችላ የላስቲክ ጫማ ይዞ ይታገላል። ጫማው የአከራይዋ ነው። ቡችላው ደግሞ የአንድ የውጭ ሀገር መምህር ነው፤ እሱም ከሰርቪስ ቤቶቹ አንዱን ተከራይቶ ይኖራል። ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያቸውን አስቀምጠው፣ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ከጓሮ ብቅ ሲሉ ቡችላው ጫማውን ጥሎ ወደ ቀሚሳቸው ተፈተለከ።

“አንተ ልጅ፣ ያዘው! ልሰግድ ነው፣ ልብሴን እንዳይነካኝ!”

መምህሩ በካልሲ እየሮጠ ወጥቶ ቡችላውን አፈፍ አደረገው። “ይቅርታ እማማ፣ በጣም ይቅርታ።”

“ይቅርታው ለእኔ ምን ያደርግልኛል፤ እሱን እሰረው። ሰግጄ ስወጣ እንጀራ እጥልለታለሁ።”

እንዳሉትም አደረጉ። ከሶላት በኋላ በሽሮ የተነካካ እንጀራ በአሮጌ ሳህን ይዘው ወጡ፤ ሳህኑን ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ካለው የጣውላ ማደሪያ ፊት አኖሩና እጃቸው ሳይነካው ፈቀቅ አሉ። ማደሪያውን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ቦታውንም የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ከበሩ ቅርብ፣ ከሚሰግዱበት ክፍል ሩቅ። ውሻው ቀን በቀን በሶላት ሰዓት ይታሰራል፣ ሌሊት ይፈታል። በግቢው ውስጥ የጸናው ስምምነት ይሄ ነው።

ከሌላ ሀገር መጥቶ በቡታጅራ ወይም በወልቂጤ እንስሳ የሚያሳድግ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ይህንኑ ነው። ከእኛ ሀገር ሙስሊሞች ብዙዎቹ በሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅና እርጥበት ነጃሳ ነው፤ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል። ለጥበቃ፣ ለከብትና ለአደን የሚያዝ ውሻ ግን ተፈቅዷል። ክርስቲያኑ ጎረቤትም ቢሆን ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንዲገባ አይፈቅድም፣ ቤቱን ግን ያለ ውሻ አያሳድርም። በሁለቱም ዘንድ ውሻ ቦታ አለው፤ ቦታው ደጅ ነው። ድመት ሌላ ነገር ናት። በእስልምና ንጹሕ ናት፣ በክርስቲያኑም ቤት ከምድጃው ዳር ትተኛለች፣ ባለ እህል መደብሩም ለአይጥ ሲል ይንከባከባታል። አዲስ መጥቶ ጓደኛ የናፈቀው ሰው ቢጠይቀኝ፣ ከአከራዩ ጋር እስኪግባባ ድረስ በድመት ጀምር እለዋለሁ።

አንዳንድ እንግዶች ይህን ሲያዩ “እዚህ እንስሳ አይወደድም” ብለው ይደመድማሉ። ድምዳሜው ልክ አይደለም። በጉራጌ ትልቁ ሳር ቤት ውስጥ ከምሰሶው ወዲህ ሰው፣ ከምሰሶው ወዲያ ላም በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። የላሟ እስትንፋስ ቤቱን ያሞቃል፣ ፍግዋ እንሰቱን ያሳድጋል፣ ቅቤዋ የእናት ቁጠባ ነው። እንዲህ የሚኖር ሕዝብ ስለ እንስሳ ፍቅር ከማንም ትምህርት አያሻውም። የሚገርመው እንስሳ በሰው አልጋ ላይ ሲተኛ፣ ያውም ያለ ሥራ፣ ሲያይ ነው።

ከዚያ የምግቡ ነገር ይመጣል። በሁለቱ ከተሞች በከረጢት የታሸገ የውሻ ምግብ እንደልብ አይገኝም፤ ውሻ የሚያድረው በቤት ትርፍራፊና በሥጋ ቤት አጥንት ነው። የሥጋ ቤቱ በር ደግሞ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። በዐቢይ ጾም የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የመንደሩ ውሾች ጎናቸው ይቆጠራል፤ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች በሚበዙበት ሠፈር ያሉት ይሻላሉ። ይህን ያስተዋለ ባለ ውሻ ከጾሙ በፊት አጥንት ገዝቶ አይከምርም፤ ሩዝ ወይም ቂንጬ ከእንቁላል ጋር መቀቀል ይለምዳል።

ሌሊቱም ሌላ ትምህርት ነው። በጉራጌ ምድር ጅብ ከከተማው ዳርቻ አይጠፋም። ከአጥር ውጭ በገመድ ታስሮ ያደረ ውሻ መሸሽም መታገልም አይችልም። ስለዚህ ሌሊት ገመዱ ይፈታል፣ በሩ ይዘጋል። በሩ መዘጋቱ ከሌላም ነገር ይጠብቃል፤ በከተሞቻችን ባለቤት አልባ ውሻ በዛ ሲባል የሚወሰደው የቆየ እርምጃ መርዝ ነው። መርዙ የተደበቀበት ሥጋ የባለቤቱንና የባለቤት አልባውን አይለይም።

በመስቀል ሰሞን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። በዓሉ ሲመጣ በየደጁ ሰንጋ ይታረዳል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ውሾች ይሰበሰባሉ። አራጁ ጉበቱን ወይም ሳንባውን ገልብጦ ሲያይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካገኘ “ይሄ አይበላም” ብሎ ለውሻ ይወረውረዋል። ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ያ ውሃ የቋጠረ እብጠት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ሣሩ ላይ ይወድቃል። ላሟ ሣሩን ትግጣለች፤ ሕፃኑ ውሻውን ዳብሶ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ከዓመታት በኋላ ያው እብጠት በሰው ጉበት ውስጥ ይገኛል፣ ማውጫውም ብዙ ጊዜ የቀዶ ሕክምና ቢላ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ የተበላሸውን ሥጋ ውሻ ቆፍሮ በማይደርስበት ጥልቀት መቅበር፣ ለውሻውም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በየጊዜው መስጠት።

የሁሉ ትልቁ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል።

በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ለኢትዮጵያ የተሠራው ግምት ከ2,700 በላይ ነው። ከመቶ 99ኙ የሰው በሽታ ከውሻ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ በንክሻ ከምራቅ ወደ ቁስል ይገባል፣ ከዚያ በደም ሳይሆን በነርቭ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ከሳምንት ያጠረበትም ከዓመት የረዘመበትም አለ። የተነከሰው ቦታ ለራስ በቀረበ መጠን መንገዱ ያጥራል። ልጆች ቁመታቸው አጭር ነውና ፊታቸውንና አንገታቸውን ይነከሳሉ፤ ሞቱ በእነሱ ላይ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ረጅም ጉዞ ሁለት ነገር ያደርጋል። በአንድ በኩል ለማምለጥ ጊዜ ይሰጣል። በሌላ በኩል ሰውን ያታልላል። ብዙ ሰው ሲነከስ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ባህል መድኃኒተኛ ነው። ከሚነክሱት ውሾች ብዙዎቹ ጤነኞች ስለሆኑ፣ መድኃኒተኛው ከአሥር ሰው ዘጠኙን ያዳነ ይመስላል። አሥረኛው ከሁለት ወር በኋላ ውሃ ሲያይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ያን ንክሻ የሚያስታውሰው ላይኖር ይችላል። መድኃኒተኛውን መውቀስ አልፈልግም፤ ሕዝቡ የሚያምነው በቅርቡ ስላለና ስለሚያውቀው ነው። ጤና ጣቢያው ክትባት ኖሮት በሩን ክፍት ካላደረገ ሰው ወደሚያውቀው ደጅ ይሄዳል።

የቀድሞውም ክትባት የፍርሃት ምክንያት ነበር። የአዲስ አበባ ሰው እስከ ዛሬ “ፓስተር” በሚለው፣ በዛሬ ስሙ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሆነው ተቋም ለብዙ ዘመን የተመረተው ክትባት ከእንስሳት አንጎል የሚሠራ ነበር፤ በሆድ ላይ ቀን በቀን ይወጋ ነበር። ትልልቅ ሰዎች “ሆዴን ተወግቼ” ሲሉ ገና ፊታቸው ይኮማተራል። አዲሱ ክትባት በሴል ላይ የሚመረት ሲሆን በክንድ ላይ፣ እንደ አሰጣጡ በሦስት ወይም በአራት ቀጠሮ ያልቃል። ንክሻው ቆዳውን ከበሳ ፀረ-ቫይረስ ኢሚውኖግሎቡሊን ቁስሉ ዙሪያ ይጨመራል። ከሁሉ በፊት ግን፣ ሐኪምም መኪናም ከመፈለጉ በፊት፣ ቁስሉ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጁ ያለቅሳል፣ እናቱ ትቸኩላለች። ይታጠብ። የነከሰው ውሻ ካልታወቀ መጥፎ ነው፤ ከታወቀ አይገደል፣ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው።

ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ለሥራ የሚመጣ እንግዳ ራሱ ቀድሞ ቢከተብ መልካም ነው፤ በአንድ ሳምንት ልዩነት የሚሰጡ ሁለት መርፌዎች ይበቃሉ። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ በዓመቱ ይደገማል። የየወረዳው የእንስሳት ሐኪም ሥራው በሬና በግ፣ አህያና ዶሮ ነው፤ ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያይ ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም። ክትባቱ ከሌለው አዲስ አበባ መሄድ ነው። ከወልቂጤ ከ150 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ከቡታጅራ 130 ያህል ይሆናል፤ የሚኒባስ ረዳት ደግሞ ውሻ መጫን አይወድም። ኮንትራት መያዝ ወይም ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ማስመጣት ይቀላል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ካልቆየ ግን የተወጋው ውሃ ነው።

እስካሁን ስለ መምጣት ተናገርን። መሄድ ይከብዳል።

የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ ጀምሮ፣ በመሀል እየተቋረጠም ቢሆን፣ በየከተማው አስተምረዋል፤ የብዙዎቹ ትዝታ ውስጥ አንድ ውሻ አለ። ወልቂጤ አቅራቢያ ወዳለው አጣጥ ሆስፒታልም ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ሀገር መነኮሳት ሐኪሞችና ነርሶች መጥተው ኖረዋል። በእንዲህ ያለ ኑሮ እንስሳ ማሳደግ የሰው ነው፤ ማታ በር የሚከፍትለት የሌለውን ሰው ጅራቱን እየቆላ የሚቀበለው ማን አለ? ይሁን እንጂ እንግዳ ይሄዳል። አንዳንዴም በድንገት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የሰላም ጓዱ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ዙሪያ፣ ከ60 በላይ ሀገራት ያሉትን ወደ 7,000 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞቹን በአንድ ጊዜ ጠራ። ሻንጣ ለማሰር ቀናት ብቻ ነበራቸው። ለውሻ ወረቀት ግን ቀናት አይበቁም።

ለምን እንደማይበቃ በቁጥር እንየው። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሀገራት ለሚገባ ውሻ ወይም ድመት መጀመሪያ 15 አሃዝ ያለው ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የእብድ ውሻ ክትባት ይወጋል። ቺፑ ከክትባቱ በኋላ ከገባ ክትባቱ አይቆጠርም። ከክትባቱ 30 ቀን ካለፈ በኋላ ደም ይወሰዳል፣ ፈቃድ ወዳለው ላቦራቶሪ ይላካል፣ የመከላከያ አቅሙ በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን አለበት። ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሌላ ሦስት ወር ይጠበቃል። በመጨረሻ ከመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የሚሰጥ የጤና ምስክር ወረቀት ይጨመራል። ድምሩ ከአራት ወር ያላነሰ ነው። ውሉ በሰኔ መጨረሻ የሚያልቅ መምህር ቢዘገይ በጥር መጀመር አለበት። በግንቦት “ውሻዬን ልወስደው ፈለግሁ” ያለ ሰው አልቆበታል።

አሜሪካም አጥብቃለች። ከነሐሴ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚገባ ውሻ ሁሉ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ፣ ማይክሮቺፕና የመግቢያ ቅጽ ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋቷ ከፍተኛ ነው ከተባሉት ሀገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ እዚህ የተከተበ ውሻ በመንግሥት ሐኪም የተረጋገጠ የክትባት ማስረጃ ይዞ፣ ፈቃድ ወዳለው የእንስሳት ማቆያ አስቀድሞ ቦታ አስይዞ ይገባል፤ የደም ምርመራ ውጤት ከሌለው ለ28 ቀን ተለይቶ ይቆያል። ወጪውን ባለቤቱ ይችላል።

ይህ ደንብ ፈረንጁን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በመስቀል ከሜሪላንድ ወይም ከቨርጂኒያ መጥታ፣ መኪና ተከራይታ እስከ ጀፎረው፣ እስከ መንደሩ ሰፊ መንገድ ድረስ የምትገባ የጉራጌ ልጅ፣ ልጆቿ “ያለ እሱ አንሄድም” ያሉትን ነጭ ፀጉራም ውሻ ይዛ ከመጣች፣ ለመመለሻው የሚያስፈልገውን የአሜሪካ ክትባት ማረጋገጫ ከዚያው ከመነሳቷ በፊት ማሠራት አለባት። እዚህ ከደረሱ በኋላ ልሙላው ቢሉ አይሆንም፤ ያኔ ውሻው አሜሪካ የተወለደ ቢሆንም እንደ ባዕድ ይቆጠራል። አያትየው ደግሞ ልጆቹን ስመው ሲያበቁ ወደ ትንሹ ውሻ ዞር ብለው “ይሄ ምን ይጠብቃል?” ይላሉ፤ የልጅ ልጃቸው “ምንም አይጠብቅም አያቴ፣ እኛ ነን እሱን የምንጠብቀው” ስትላቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ። በዚያ ሰዓት የሠፈሩ ውሾች ሁሉ ከበር ላይ ቆመዋል። ቢጣሉ፣ ቢነካከሱ፣ የመጣው ተከትቦ ይሆናል፤ የቆዩት ግን አልተከተቡም።

ድሮ እንዲህ ያለ ወረቀት አልነበረም። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር ዙላ የተባለች ድመት ወደ እንግሊዝ እንደተወሰደች ተጽፏል፤ ሥዕሏም በ1874 እ.ኤ.አ. በታተመ የድመቶች መጽሐፍ ላይ ወጥቷል። ዛሬ በዓለም “የሐበሻ ድመት” ተብሎ የሚታወቀው ዝርያ ታሪክ የሚጀመረው በእሷ ነው፤ የዘር ጥናት ግን ዝርያው ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች እንደመጣ ይጠቁማል። መርከብ ላይ መጫን ብቻ በቂ የነበረበት ያ ዘመን ለእንስሳቱም ለሰውም ደግ ዘመን አልነበረም። ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሴፍ ሜይስተርን የከተበው ከዙላ ጉዞ 17 ዓመት በኋላ፣ በ1885 እ.ኤ.አ. ነበር።

መሄጃ ላይ ውሻውን የማይወስድ ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ለጎረቤት ሰጥቶ መሄድ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በመጨረሻው ቀን፣ ሳይጠይቁ፣ በር ከፍቶ መልቀቅ ነው። በሰው አልጋ ላይ ያደገ ውሻ በአንድ ሌሊት የመንደር ውሻ አይሆንም። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ነውና የማያውቀውን ልጅ ሮጦ ይጠጋል፣ ልጁ ይፈራና ድንጋይ ይወረውራል፣ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የሚረከበው ሰው ከወራት በፊት ይታወቅ፤ ውሻው በደጅ ማደርና መጠበቅ ይልመድ፣ ሴት ከሆነች ትምከን፣ የክትባት ካርዱ ከገመዱ ጋር ይሰጥ። ለአንድ ሁለት ዓመት ክትባት የሚሆን ገንዘብ አብሮ ቢሰጥ ደግሞ፣ ምርቃቱም ይመጣል።

ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። አንድ እንግዳ አንድ ውሻ ቢያስከትብ ከተማው አይድንም። በሽታው በውሾች መካከል እንዳይተላለፍ ከመቶ 70ው መከተብ አለባቸው፤ መርዝ ደግሞ አያስቆመውም፤ የሞቱት በተተኩ ቁጥር አዲሶቹ ያልተከተቡ ናቸው። ታዲያ 70ውን ማን ይከትባል? መልሱ በመስቀል ደጅ ላይ እንዳለ አምናለሁ። ጉራጌ መንገድ ሲያስፈልገው በ1950ዎቹ ከየከተማው ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ የሠራ፣ ትምህርት ቤትም የገነባ ሕዝብ ነው። በመስቀል የአዲስ አበባው፣ የሀዋሳው፣ የዋሽንግተኑ ልጅ ሁሉ በአንድ ሳምንት አገር ቤት ይገኛል፣ ስብሰባው ይደረጋል፣ መዋጮው ይሰበሰባል። ዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ብሎ የሚያከብረው፣ ፓስተር ያረፈበት መስከረም 28 በፈረንጆች፣ በእኛ አብዛኛውን ዓመት የመስቀል ማግስት ነው።

ክትባቱ ግን በዚያው ሳምንት ቢሰጥ ለዚያው በዓል አይደርስም፤ ኃይሉ እስኪጠነክር አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ በዘንድሮው መስቀል የተዋጣው ለሚቀጥለው ነሐሴ ይሁን። ለአንድ ቀበሌ የሚያስፈልገው ከባድ አይደለም፦ ክትባት የያዘ የበረዶ ሳጥን፣ ሁለት የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ገመድ፣ መዝገብ፣ የተከተበውን የሚለይ ባለ ቀለም የአንገት ማሰሪያ። ትምህርት ቤት በዚያን ጊዜ ዝግ ነው፤ ውሾቹን ልጆቹ ራሳቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ።